ውዳሴ ስፕሬይ

በአሉሚኒየም ቸርኬ ፊት ላይ፣ ከቫርኒሹ ሥር ነጭ ክር የመሰለ ነገር ሲሳብ ያዩ ሥራ ፈቶች ጎማውን አስወልቀው፣ የተነሣውን ቫርኒሽ ከጉዳቱ ዳርቻ አሳልፈው በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃሉ፤ ከዚያም ፕራይመር፣ ቀለምና ቫርኒሽ በየተራው እየቀቡ እያንዳንዱ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። እንዲህ ያለውን የጊዜ ብክነት የማያውቁት፣ አንድ ጣሳ ብርማ ስፕሬይ ይዘው ነገሩን በ10 ደቂቃ የሚገላገሉት ጌታ ግን እስከ ዛሬ የሚገባቸውን ምስጋና አላገኙም።

የእኚህ ሰው ትልቁ ጸጋ ገበና ሸፋኝነታቸው ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም፤ አየር እንደነካው ራሱን ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ያለብሳል። ጠጠር በከፈተችው ጭረት ገብተው ይህን ሽፋን የሚበሱት ጨውና እርጥበት ናቸው፤ ከገቡም በኋላ ቫርኒሹን ከሥሩ እየፈነቀሉ እንደ ትል ይሄዳሉ። እርሳቸው ታዲያ አንዱንም ነዋሪ ሳያፈናቅሉ፣ ከነጨው ከነእርጥበቱ የብር ጣሪያ ይሠሩለታል። ላዩ እንደ መስተዋት፣ ውስጡ ለቄስ! ጥቂት ቆይቶ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ቢነሣ ጥፋቱ የስፕሬዩ ነውና ሌላ ጣሳ ይገዛል።

ሳያጥቡ ይቀባሉ የሚለው ወሬ ደግሞ ተራ ሐሜት ነው። ከመንገድ ሲመለሱ፣ ቸርኬው ከፍሬኑ ግለት ገና ሳይበርድ፣ አሲድ ያለበትን ማጽጃ ያርከፈክፉበታል፤ ማጽጃውም የፍሬን ሸራውን ዱቄት ብቻ አንሥቶ አይሄድም፣ ደኅና የነበረውን ቫርኒሽም ይጨምርላቸዋል። ቀጥሎ የብረት ሽቦ ብሩሽ ይመጣል። ሽቦው አሉሚኒየሙ ውስጥ ትቶት የሚሄደው ደቃቅ ብረት እርጥበት ሲያገኝ አጠገቡ ያለውን አሉሚኒየም ያስበላል፤ አርቆ አሳቢ ሰው የሚቀጥለውን ዓመት ሥራ ከወዲሁ ይዘራል ማለት ይህ ነው።

በቀደም ሲቀቡ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ጎማ ማስወለቅ ክብራቸው ስለማይፈቅድ ጋዜጣ አጣጥፈው በጎማውና በቸርኬው መካከል ሰኩ። ነፋሱ ጋዜጣውን ቢያነሣው እጃቸውን አላቋረጡም፤ ጎማው፣ ዳዶው፣ የንፋስ መሙያዋ ክዳን፣ በቸርኬው ክፍተት አሻግሮም የፍሬኑ ዲስክ እኩል ብር ለበሱ። አድልዎ የሌለበት እጅ ነው።

በ3ኛው ቀን ጎማው ተንፍሶ አደረ። ጎሚስታው የሳሙና ውኃ ዙሪያውን ቢያፈስበት አረፋው የወጣው ጎማውና ቸርኬው ከሚጋጠሙበት ከንፈር፣ ነጩ ቅርፊት ጎማውን ገፋ አድርጎ ከያዘበት ቦታ ነበር። «ጌታዬ፣ ቸርኬው እኮ ተበልቷል» ቢላቸው፣ እርሳቸው በትዝብት ከላይ እስከ ታች አዩትና «ምን ነካህ ልጄ? አይታይህም እንዴ፣ ከቀባሁት ገና ሦስት ቀኑ ነው!» አሉት።