ክርክር፦ በኤአይ ዘመን መጓጓት ሞኝነት ነው?

ሁለት የድሮ ወዳጆች ናቸው። አንዱ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ (ኤአይ) ሲያወራ ዓይኑ ያበራል፤ ሌላው ትከሻውን ይነቀንቃል። በቃል ሲጨቃጨቁ ስለማይደማመጡ በጽሑፍ ይሁን ተባባሉ። ጓጊው ቀደመ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ጓጊ፦ ትንታኔው ይቆየንና አንድ ማታ የሆነውን ልንገርህ። ተማሪ ሳለሁ ሎጋሪዝም አልገባኝም ነበር። ቀመሩን ሸምድጄ ፈተናውን አለፍኩ፣ ከዚያ ረሳሁት። በቀደም እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን አነሳሁና በጽሑፍ እንደ ሰው የሚመልሰውን የኤአይ ማሽን "ሎጋሪዝም ምንድን ነው?" አልኩት። መለሰልኝ። አልገባኝም አልኩት። በሌላ መንገድ አስረዳኝ። አሁንም አልገባኝም። አራተኛው ላይ "1000 ለማግኘት ስንት 10ሮችን እርስ በርስ ማባዛት አለብህ? ሎጋሪዝም ይህ ጥያቄ ነው" አለኝ። ሦስት! አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ይኼው ነው እንዴ?

መልሱማ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። የገረመኝ አራት ጊዜ ስጠይቅ አለማፈሬ ነው። ክፍል ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ እጅህን ስታወጣ የሚዞርብህን ዓይን ታውቀዋለህ። ያ ዓይን የሌለበት ትምህርት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። አዎ፣ ጓጉቻለሁ፤ አዲስ ዘመን መጥቷል።

ተጠራጣሪ፦ ደስ ብሎኛል፣ የምሬን ነው። የኔን ማታ ደግሞ ስማ። ለአንድ ጽሑፍ ምንጭ ፈልጌ ከእነዚህ ማሽኖች አንዱን ጠየቅኩት። ሦስት መጻሕፍት ሰጠኝ፣ ከነደራሲያቸው፣ ከነታተሙበት ዓመት፣ ከነገጻቸው። ፍለጋ ገባሁ። ሁለቱ ጭራሽ የሉም። ሦስተኛው አለ፤ የተባለው ገጽ ላይ ግን የተባለው ነገር የለም። ተመልሼ ስነግረው "ልክ ነህ፣ ይቅርታ" አለና ሌላ መጽሐፍ ጨመረልኝ። እሱም የለም።

ውሸታም ነው አላልኩም። ውሸታም ቢያንስ እውነቱን ያውቃል። ይህ ነገር ግን በመሠረቱ ከስፍር ቁጥር ከሌለው ጽሑፍ የተማረው ከዚህ ቃል ቀጥሎ የትኛው ሊመጣ እንደሚችል መገመትን ነው። ፈልግ ካልተባለ መደርደሪያ ሄዶ መጽሐፍ አይገልጥም። አንተን ከሚያሳፍርህ ዓይን ሲገላግልህ፣ "እኔንጃ" የምትለዋንም ቃል አብሮ ሳይወስድብህ አልቀረም።

ጓጊ፦ ሰውስ "እኔንጃ" ማለት መቼ ይወዳል? መንገድ ጠይቀህ በልበ ሙሉነት የተሳሳተ አቅጣጫ ያልተጠቆመህ አለህ?

ተጠራጣሪ፦ ሰውየውን ግን "አዲስ ዘመን" ብዬ አልጠራውም።

ደግሞ ጉጉቱ ራሱ አዲስ አይደለም። በ1955 እነ ጆን ማካርቲ፣ የኤአይ ጥናት ጀማሪዎቹ፣ በአሜሪካው ዳርትማውዝ ኮሌጅ ስለ ኤአይ ስብሰባ ሲያቅዱ፣ የተመረጡ ሰዎች አንድ ክረምት አብረው ቢሠሩ ትልቅ እርምጃ ይገኛል ብለው ጽፈው ነበር። አንድ ክረምት! በ1965 ሌላው የመስኩ ጀማሪ ኸርበርት ሳይመን ሰው የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ማሽን በ20 ዓመት ውስጥ ይችለዋል አለ። 20 ዓመቱ አለፈ፤ ይመጣል የተባለው አልመጣም። እንዲያውም ገንዘቡ እየደረቀ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው "የኤአይ ክረምት" (ክረምት ሲሉ የፈረንጆቹን የብርድ ወቅት ነው) የሚሉት የድርቅ ጊዜ ተደጋግሞ መጣ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ኤላይዛን ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆሴፍ ዋይዘንባውም በ1966 ይፋ ያደረጋት፣ ከሰው ጋር የምትጻጻፍ የኮምፒውተር ፕሮግራም ናት። የምትለውን ነገር ገልብጣ ጥያቄ አድርጋ መመለስ ነው ሥራዋ። ስለ እናትህ ካነሳህ "እስቲ ስለ ቤተሰብህ ንገረኝ" ትልሃለች፤ በቃ። የሰውየው የቢሮ ጸሐፊ ፕሮግራሟ ስትሠራ ለወራት ቁጭ ብላ አይታለች። ውስጧ ባዶ መሆኑን ታውቃለች። ግን ጥቂት ከተጻጻፈች በኋላ ዋይዘንባውምን እባክህ ከክፍሉ ውጣልኝ አለችው። እስቲ ያንን ማታህን ከዚህ ጋር አስተያየው።

ጓጊ፦ ይህችኛዋ ነካችኝ፣ አልዋሽህም። ግን ኤላይዛ ሎጋሪዝም አታስረዳም።

ደግሞ ስለ ወሬ ማሽን ብቻ አታውራ። ሰውነታችን የሚሠራው በፕሮቲን ነው። ፕሮቲን 20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ የተሰኩበት ክር ነው። ክሩ ሲጠቀለል የሚይዘው ቅርጽ ነው ሥራውን የሚወስነው። የአንዱን ቅርጽ በላብራቶሪ ለማወቅ ዓመታት የፈጀባቸው ተመራማሪዎች ሞልተዋል። አልፋፎልድ የተባለው የኤአይ ፕሮግራም በ2020 ብዙዎቹን ከላብራቶሪ ውጤት ጋር በሚቀራረብ ደረጃ ተነበየ። በ2022 ከ200 ሚሊዮን በላይ ትንበያ ለማንም በነፃ ተለቀቀ። ከሠሪዎቹ ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሲሸለሙ በዚህ ነው። ይህም ክረምት የሚበላው ተስፋ ነው?

ተጠራጣሪ፦ አይደለም። ለአልፋፎልድ እኔም ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ግን የሆነውን ልብ በል፤ የአንዱን ዝና አንስተህ ለሌላው አለበስከው። አልፋፎልድ የሎጋሪዝም አስተማሪህ አይደለም። ሁለቱም ኤአይ ስለተባሉ ብቻ አንዱ ባገኘው ሽልማት ሌላው ይታመናል።

ደግሞ አልፋፎልድ ከየት ተማረ? ከ1971 ጀምሮ ሳይንቲስቶች አንድ በአንድ እየለኩ በአንድ የመረጃ ቋት ካከማቹት ወደ 170 ሺህ ቅርጽ። ያ ሁሉ ሰው "ዘመን ተለወጠ" ብሎ ጮኾ አያውቅም። ጭብጨባው ሲመጣ ግን ሁሉም ወደ ማሽኑ ዞረ። የጉጉት ችግሩ ይኼ ነው፤ ማን እንደደከመ ያስረሳል።

ጓጊ፦ እሱ እውነት ነው። ሳስበው የኔም አስረጂ የተማረው መምህራን ሲጽፉ ከኖሩት ነው። ስማቸውን እንኳ አላውቅም።

ተጠራጣሪ፦ አየህ?

ጓጊ፦ አየሁ፤ ግን ጉጉቴን አይወስድብኝም። እንዲያውም ጨመረ። ያ ሁሉ መምህር በአንድ ሌሊት እኔ አልጋ ድረስ መጣ ማለት ነው።

ተጠራጣሪ፦ አንተ ሰውዬ አትቻልም። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ማብራሪያ ልክ መሆኑን በምን አወቅክ? ለኔም እኮ በዚያው ልበ ሙሉነት ነው የሌለ መጽሐፍ የሰጠኝ።

ጓጊ፦ ተነስቼ መብራት አበራሁና ወረቀት ላይ ሠራሁት። 10፣ 100፣ 1000። ከዚያ በ2 ሞከርኩ፦ 2፣ 4፣ 8፣ 16። 16 ላይ አራት መሆን አለበት ብዬ ቆጠርኩ፣ አራት ሆነ።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲያው ያስተማረህ ወረቀቱ ነው።

ጓጊ፦ ወረቀቱማ ስንት ዓመት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። በእኩለ ሌሊት ከአልጋ አስነስቶኝ አያውቅም።