ፈጠራውን ክረምቱ ይፈትነው

የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን ባለበት ሁሉ አንድ ነገር አይጠፋም፤ ለዓይነ ስውራን የተሠራ «ስማርት ዱላ»። ጅማም ብትሆን ያው ናት። አሠራሩ ቀላል ነው። ዱላው ላይ የድምፅ ሞገድ የሚልክ ሴንሰር ይታሰራል፤ ሞገዱ የሆነ ነገር መትቶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ አርዱይኖ የሚባለው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ያሰላል፤ ርቀቱ ሲያጥር ዱላው ይጮኻል። የክብር እንግዳው እጁን ከፊቱ ዘርግቶ ይሞክረዋል፣ ይጨበጨባል፣ ሰርተፊኬት ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ዱላው የት እንደገባ የሚጠይቅ የለም።

እስቲ ያንን ዱላ ይዞ ከጅማው መርካቶ ወደ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር የሚወርድ ሰው እናስብ። ሴንሰሩ ግድግዳውንም የቆመውን ባጃጅም ይነግረዋል። ሰውየውን የሚጥለው ግን ግድግዳ ሳይሆን ክዳኑ የተነሣ የውኃ ቦይ ነው። ወደፊት የተላከ ሞገድ ቦዩን በላዩ አልፎ ይሄዳል። መሬት መሬቱን እየነካካ የሚሄደው ተራው ነጭ በትር ያገኘዋል፤ ዋጋው የቀነሰው፣ ባትሪ የማይፈልገው፣ ማንም ያልሸለመው በትር። በዚያ ላይ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድበት አገር ላይ ነን። እነዚያ በሳንቲም የሚገዙ ሴንሰሮች ዓይናቸው ክፍት ነው፤ ውኃ ከገባባቸው አለቀላቸው።

ልጆቹን ለመንቀፍ አይደለም። ጥፋቱ የኛ የሸላሚዎቹ ነው። ለአንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ነገር ስንሸልም፣ ለአንድ ቀን የሚሠራ ነገር ይሠራልናል። ስለዚህ ሐሳቤ አጭር ነው፤ በሰው አካል ላይ የሚውል ማንኛውም ፈጠራ፣ የሚያስፈልገው ሰው አንድ ሙሉ ክረምት ሳይለብሰውና ሳይዘው ሽልማት አይሰጠው።

ይህ እንደሚሠራ ሕንዶች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 በጃይፑር ከተማ የአጥንት ሐኪሙ ፒ. ኬ. ሴቲ እና ትምህርቱን ብዙም ያልገፋው የእጅ ባለሙያ ራም ቻንድራ ሻርማ አንድ ሰው ሠራሽ እግር ሠሩ። ከውጭ የሚመጣው እግር ለጫማ የተሠራ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቱ ደረቅ፣ ባዶ እግር ለሚሄድ ገበሬ የማይሆን፣ ቁጢጥ ብሎ መቀመጥን የማይፈቅድ። የታከሙት ሰዎች እግሩን ቤት እያስቀመጡ በክራንች ይሄዱ ነበር። ሻርማ ከጎማ የሠራው እግር ግን በሁሉም አቅጣጫ ይተጣጠፋል፤ ያለ ጫማ ይኬድበታል፣ ጭቃ ይገባበታል፣ ቁጢጥ ይባልበታል። ሐኪሙ አካሉን ያውቃል፣ ሻርማ ቁሱን ያውቃል፤ በሽተኛው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ እንደሚውል ያውቃል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል እግሩ አይሠራም ነበር።

አሁን ተዳፋት ላይ ቡና የሚለቅም ሰው አስቡ። ቅርጫቱ ወገቡ ላይ፣ አንድ እጁ ቅርንጫፍ ጎትቶ፣ ሌላው እየለቀመ። ክራንች የሚይዝበት ሦስተኛ እጅ የለውም። ለዚህ ሰው የሚሆን ድጋፍ ምን ዓይነት ነው? ቤተ ሙከራ ውስጥ ቁጭ ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ አይመስለኝም። ማሳው ላይ መውረድ፣ ከዚያም ብየዳ ቤት መግባት፣ ከጫማ ሠሪ ጋር መምከር ይጠይቃል። ከአንድ ግንድ ባለሦስት እግር በርጩማ ፈልፍሎ የሚያወጣ ባለሙያ ያለበት አካባቢ የእጅ ሥራ አዋቂ አያጣም። እነዚህ ሰዎች ግን ዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚገቡት ወንበር ሊጠግኑ ነው።

ስለ ጫማ ካነሣን ዝሆኔ መጥቀስ ግድ ነው። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ይህ የእግር እብጠት በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ባዶ እግር ከመሄድ ይመጣል፤ እርግማንም ተላላፊም አይደለም። በአገሪቱ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ጎልማሶች እንዳለባቸው ተገምቷል፤ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ ድርሻው ትልቅ ነው። መከላከያው ጫማ ነው። ካበጠ በኋላም እግሩን መታጠብና ጫማ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ግን ያበጠ እግር በየትኛው ሱቅ ጫማ ይገባል? ሰፊ፣ ከፊት እስከ ጣት ድረስ የሚከፈት፣ በቬልክሮ የሚጠብቅ፣ እብጠቱ ሲቀንስ አብሮ የሚጠብ፣ ቶሎ የሚደርቅ ጫማ መሥራት ቀላል የምህንድስና ጥያቄ አይደለም። ሆኖም መብራት ስለማያበራ ለኤግዚቢሽን አያምርም።

መብራት የሚያበሩትም ቢሆኑ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ቀይና ኢንፍራሬድ (ዓይን የማያየው) ብርሃን በቆዳ አሳልፎ ነው የሚያነበው። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ መሣሪያው «ደህና ነው» ካላቸው ታካሚዎች መካከል በደም ምርመራ ኦክስጅናቸው አደገኛ ደረጃ ላይ ወርዶ የተገኘው ጥቁሮቹ ላይ 11.7 በመቶ፣ ነጮቹ ላይ 3.6 በመቶ መሆኑን አሳየ። ስለዚህ የእጅ አምባር መለኪያ እሠራለሁ የሚል የጅማ ተማሪ እውነተኛ ምርምር ቢፈልግ እደጁ ነው፤ መሣሪያውን በኛ ቆዳ ላይ ያስተካክለው።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ የማይመች ቦታ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የጤናው ተቋምና የእርሻ ኮሌጁ ተዋህደው ሲመሠረት ጀምሮ መታወቂያው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ነው፤ ተማሪ መንደር ይወርዳል። ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግም፣ ትልቅ ሆስፒታልም አለው። ከዚህ ወዲያ የሚጎድለው ትዕዛዝ እንጂ ዕውቀት አይደለም።

«ሙሉ ክረምት ከተጠበቀ ተማሪው ይመረቅበታል» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። አንዱ ቡድን ጀምሮ ቀጣዩ ይረከብ፤ ሕንፃ እንኳ እየተረካከብን እንጨርስ የለ? በሰው ላይ መሞከር ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እሱም ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ። ብየዳ ሠራተኛው ሐሳብ ካዋጣ ስሙ ይግባ። የ1987ቱ የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123 ለአነስተኛ ፈጠራ የባለቤትነት መብት የሚያስጠብቅ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ይሰጣል፤ አምስት ዓመት ይጸናል፣ ከዚያም ለሌላ አምስት ይታደሳል። ባለ ዲግሪ ብቻ ይመዝገብ አይልም።

እስከዚያው ለዘንድሮ ተመራቂዎች አንድ ርዕስ፤ የክራንች ጫፍ ጎማ። ሲያልቅ ብረቱ ወጥቶ ያንሸራትታል፤ ምትኩ ስለማይገኝ ሰው ከባጃጅ ካላማዳሪ ቆርጦ በሽቦ ያስረዋል። እርጥብ ሸክላ አፈር ላይ የማያንሸራትት፣ ከአሮጌ ጎማ የሚወጣ፣ ያለ መፍቻ የሚቀየር፣ ሊስትሮ ሊሸጠው የሚችል። መፈተኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው።