መጋቢት 2 የማን ቀን ነው?

መጋቢት በገባ ቁጥር አንድ ዝርዝር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ፤ 157 ሰዎች አለቁ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት በአዲስ አበባ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ከነቤታቸው ቀበረ። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ጃፓን በምድር መንቀጥቀጥና በሱናሚ ተመታች። መጋቢት 2 ቀን 1996 ዓ.ም. ማድሪድ ውስጥ በባቡሮች ላይ የተጠመዱ ቦምቦች ከ190 በላይ መንገደኞችን ገደሉ። ከዝርዝሩ ሥር ሁልጊዜ ያው ጥያቄ ይከተላል፦ «እነዚህ ቀኖች ምን አለባቸው?»

ጥያቄውን የሚጠይቁትን አልነቅፍም። ሰው ሐዘን ሲበዛበት የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ «ክፉ ቀን ጣላቸው» ማለት ከዝምታ ይሻላል። ነገር ግን ክፋቱን ቀኑ ላይ በጫንን መጠን ከሰው ጫንቃ ላይ እያወረድነው ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም ይኸው ነው።

እስቲ በፈረንጆቹ የማርች 11 ዝርዝር ውስጥ ሁልጊዜ የሚገኘውን አንድ ሌላ አደጋ እንመልከት። በ1864 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ አጠገብ አዲስ የተሠራው የዴል ዳይክ ግድብ ተደርምሶ 240 ያህል ሰዎች በጎርፍ አለቁ። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስንመልሰው ግን መጋቢት 2 ላይ አያርፍም፤ መጋቢት 3 ቀን 1856 ዓ.ም. ይሆናል። በዚያ ክፍለ ዘመን በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንስ ነበርና። የዓድዋ ድል በውጭ አገር መጻሕፍት ማርች 1 ተብሎ ተጽፎ ሳለ፣ እኛ የካቲት 23ን ስናከብር የፈረንጆቹ ካላንደር ማርች 2 የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ የግድግዳ ካላንደር ሲቀየር የሚፈርስ ግጥምጥሞሽ በሰው ላይ ሞት የማዘዝ ኃይል ከየት ያገኛል?

የሼፊልዱን አደጋ ያነሣሁት ለቀን ስሌት ብቻ አይደለም። ግድቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ እየሞላ ነበር። በዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ አንድ ሠራተኛ ግድቡን ተሻግሮ ወደ ቤቱ ሲሄድ በአፈሩ ላይ ስንጥቅ አየ። መሐንዲሱ ተጠርቶ በጨለማ መጣ። ሌሊቱ ሳይጋመስ ግድቡ ለቀቀ። ስንጥቁን ያየ ሰው ነበረ፤ የዘገየው ሌላው ሁሉ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ማንኛውም አደጋ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን ስንጥቅ ያየውን ሰው ነው።

ጃፓን ውስጥም ስንጥቁን ያየ ነበር። የፉኩሺማ ዳይቺን የኑክሌር ጣቢያ የሚያስተዳድረው ኩባንያ ከአደጋው 3 ዓመት አስቀድሞ 15.7 ሜትር የሚደርስ ማዕበል ሊመጣ እንደሚችል የሚያሳይ ስሌት በእጁ ነበረው፤ ጣቢያውን ከባሕር ይከልል የነበረው ግን 6 ሜትር እንኳ የማይሞላ ነበር። የአገሪቱ ፓርላማ ያቋቋመው ገለልተኛ አጣሪ ኮሚሽን የኑክሌሩ አደጋ ሰው ሠራሽ ነው ብሎ ደመደመ። ስለ ቢሾፍቱውም ዓለም ያውቃል። 5 ወር ባልሞላ ጊዜ አስቀድሞ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ያው ዓይነት ቦይንግ 737 ማክስ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። ከአንድ መለኪያ ብቻ የተሳሳተ መረጃ ተቀብሎ አፍንጫውን ወደ ምድር የሚደፋው የኮምፒውተር ሥርዓት ታውቆ ሳለ አውሮፕላኖቹ ከመብረር አልታገዱም።

ወደ ቆሼ ልመለስ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

ረጲ አካባቢ ያለው ይህ የቆሻሻ መጣያ በ1950ዎቹ ሲከፈት ከከተማ ውጭ ነበር። ከተማው እየሰፋ ሄዶ ደረሰበት፣ ከበበውም። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ የአዲስ አበባ ጥራጊ እዚያ ሲደፋ ተራራ ሆነ። በተራራው ግርጌ በጭቃ፣ በእንጨትና በላስቲክ የተሠሩ ቤቶች ተጠጉ፤ ብዙዎቹ ነዋሪዎች ከተማው የጣለውን ላስቲክ፣ ብረትና ጠርሙስ እየለቀሙ፣ እየሸጡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ነበሩ። ያለ ሥርዓት ላይ በላይ የሚደፋ ቆሻሻ ጎኑ ቀጥ ያለ ገደል ይሆናል፤ ውኃ ይጠጣል፤ ውስጡ እየተብላላ ጋዝ ያምቃል። እንዲህ ያለ ክምር እንደሚናድ ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ ከሥሩ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል።

መንግሥትም ቦታው እንዳበቃለት ያውቅ ነበር። ሰንዳፋ ላይ አዲስ መጣያ ተዘጋጅቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውና ፍሳሹ ኑሯችንን አበላሸብን ብለው ተቃወሙ፤ ተቃውሟቸውም እውነት ነበረው። በጥቂት ወራት ውስጥ ሰንዳፋ ተዘጋና መኪኖቹ እንደገና ወደ ቆሼ ዞሩ። ከዚያ መጋቢት 2 መጣ። ከሞቱት ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ናዳ ሥር ነበር፤ ኤክስካቫተር ለቀናት ሲቆፍር ዘመድ አፋፉ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ሐዘኑ ታወጀ፣ አለፈም።

እኛ ቀን የማንቆጥር ሕዝብ ብንሆን ይህን አልልም ነበር። ለሟች አርባ እናወጣለን፣ ሰማንያ እናወጣለን፣ ሙት ዓመት እንዘክራለን። ወሩን በቅዱሳን ስም የምንቆጥር፣ ቀጠሮ ስንይዝ እንኳ «ከሚካኤል በኋላ» የምንል ሰዎች ነን። ከአደጋ የተወለደ የጽዳት ቀንም አለን፤ ያውም ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሰው ከጨረሰ ወዲህ፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ሰው ግቢውንና ደጁን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ኅዳር ሲታጠን የምንለው ይኸው ነው። ዛሬ ጭሱ ለጤና ጥሩ አይደለም የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ቢሆንም ያ ትውልድ አንድ ነገር አድርጓል፦ ሐዘኑን ከምክንያቱ ጋር አስሮ፣ የሚሠራ ሥራ ሰጥቶት ለልጅ ልጁ አስረክቧል።

ሌሎችም እንዲህ አድርገዋል። ማኒላ ዳርቻ ያለው የፓያታስ የቆሻሻ ክምር ሐምሌ 3 ቀን 1992 ዓ.ም. ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ዓመት ሳይሞላ ፊሊፒንስ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝን የሚደነግግ ሕግ አወጣች። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባንዱንግ አጠገብ የሌውዊጋጃህ መጣያ የካቲት 14 ቀን 1997 ዓ.ም. ከዝናብ በኋላ ተደርምሶ ከ140 በላይ ሰዎችን ከነመንደራቸው ዋጠ። ዛሬ በእነሱ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 21 የኢንዶኔዥያ ብሔራዊ የቆሻሻ ጉዳይ ቀን ነው። ሕግና ቀን በማውጣት ብቻ ቆሻሻ አይጠፋም፤ በሁለቱም አገሮች ችግሩ ዛሬም አለ። ግን በየዓመቱ ያ ቀን ሲደርስ ባለሥልጣን ቆሞ ይጠየቃል፣ ልጅም በትምህርት ቤቱ ለምን እንደሆነ ይሰማል።

ጃፓን በየዓመቱ መጋቢት 2 ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ፣ ምድሪቱ በተንቀጠቀጠችበት ቅጽበት፣ በዝምታ ትቆማለች። የቢሾፍቱ ሟቾች ቤተሰቦች መጋቢት 1 ሲደርስ ከየአገሩ ወደ ወደቁበት ስፍራ ይመጣሉ፤ መምጣታቸውም ይገባል። ከዚያ ስፍራ ቆሼ ድረስ በመኪና ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም። በማግስቱ፣ መጋቢት 2፣ የቆሼ ቤተሰቦች ሙት ዓመታቸውን በየቤታቸው ያወጣሉ። በካላንደራችን ላይ ስለ እነሱ የሚናገር አንድ መስመር የለም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መጋቢት 2 የቆሼ ቀን ይባል። በዚያ ቀን የከተማው አስተዳደር በሕዝብ ፊት ቀርቦ ቆሻሻችን የት እንደሚሄድ፣ ከሥሩ ማን እንደሚኖር፣ ክምሩን የሚለካው ማን እንደሆነ ይናገር። የቆሻሻ መኪኖች ለአንድ ሰዓት ይቁሙ፤ በዚያች ሰዓት የሟቾቹ ስም ይነበብ። በቢሾፍቱው አውሮፕላን ስንት ሰው እንደነበረ፣ ከየት አገር እንደመጣ አንድ በአንድ እናውቃለን። የቆሼን ሟቾች አንዱ ዘገባ 113 ይላቸዋል፤ ሌላው 116 ይላል። ስማቸው ተራ በተራ ሲጠራ ቁጥሩም ያኔ ይታወቃል።