ችግሩ የአመለካከት አይደለም
«የሕክምና ተማሪዎች ኦንላይን ትምህርትን የማይወዱት ለቴክኖሎጂ ስላልተዘጋጁ ነው» የሚለው አልተዋጠልኝም። ድሮም ፊዚዮሎጂና ፓቶሎጂ የምናጠናው ከቴሌግራም ባወረድነው ቪዲዮ ነበር። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ክፍል ውስጥ ከሚሰጠን ይሻላል። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ግን እኔ ሲ ዋን (የክሊኒካል ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት) ነበርኩ፤ ዋርድ፣ ማለትም ታካሚዎች የሚተኙበት የሆስፒታል ክፍል፣ ገና መግባታችን ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔቱ ጭራሽ ተዘጋና ለሳምንታት ይላክልን የነበረው የትምህርት ፒዲኤፍም ቀረ። ከላይ «የልብ ድምፅ ተቀድቶ አለ አይደል እንዴ?» ያልከው ወንድሜ፣ አለ። ግን የማይትራል ቫልቭ (ከልብ በሮች አንዱ) ጥበትን ድምፅ እስቲ በስልክህ ስፒከር ሞክረው። ድምፁ ወፍራምና ዝቅ ያለ ስለሆነ በደንብ አይወጣም። ዋርድ ላይ ታካሚዋን በግራ ጎኗ ታስተኛለህ፣ የስቴቶስኮፑን ቤል (ደወል የሚመስለውን ጎን) በስሱ ታሳርፋለህ። መጀመሪያ ምንም አይሰማህም። ሬዚደንቱ (ስፔሻሊቲ የሚማረው ሐኪም) እጅህን ይዞ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ያደርግልሃል፣ ያኔ ትሰማለህ። ይህን ጥበት የሚያመጣው ሪውማቲክ የልብ ሕመም በበዛበት አገር ይህን ሳይለይ የተመረቀ ሐኪም ማን ይፈልጋል? ሌክቸሩን ኦንላይን አድርጉት፣ ደስ ይለናል። የኢንተርኔት ፓኬጁን ወጪ ብቻ ቻሉን።