ፊቱን የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ

እኛ የነቢያትን ጾም በምንይዝበት ሰሞን እንግሊዞችን ፓንቶ ይይዛቸዋል። ኅዳር አጋማሽ ላይ ይጀምራቸዋል፤ እኛ ለገና ዶሮ በምናርድበት ሳምንት ይለቃቸዋል። በዚህ መሀል ከትልቁ የለንደን ፓላዲየም ጀምሮ እስከ ትንሿ የሰፈር አዳራሽ ድረስ፣ መድረክ ያለው ሁሉ ወይ ሲንደሬላን ወይ አላዲንን ያሳያል።

ፓንቶ የፓንቶማይም ማቆላመጫ ነው። ስሙን ሰምቶ ፊቱን ነጭ የተቀባ፣ ቃል የማይተነፍስ ተዋናይ የሚጠብቅ ካለ ጆሮውን ይደፍን። የእንግሊዝ ፓንቶማይም ዋና ሥራው ጩኸት ነው። ደጓ መንፈስ በመድረኩ ቀኝ ትገባለች፣ ክፉው በግራ፤ ልክ እንደ ፍርድ ቀን በጎችና ፍየሎች። ወጣቱን ጀግና በልማድ የምትጫወተው ሴት ናት፣ ጭኗን ጧ እያደረገች። አሮጊቷን እናት ደግሞ ወንድ ይጫወታታል። ይቺን አሮጊት ዴም ይሏታል። ክፉው ከጀርባ ሲመጣ አዳራሹ በሙሉ «ከኋላህ ነው!» ብሎ ይጮኻል።

«ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እያለ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ልዩነቱ ዋጋው ላይ ነው። አያቴ ተረት የምትነግረን በነፃ ነበር። እዚህ ለአራት ሰው ትኬት የቆረጠ አባወራ፣ ገና ካለፈ በኋላም ሳይወድ በግዱ ጾሙን ይቀጥላል።

ዛሬ ግን ላመሰግን የተነሣሁት ተረቱን ሳይሆን ተዋናዮቹን ነው። በተለይ ከትወና ጋር ትውውቅ የሌላቸውን።

የፓንቶ ፖስተር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፊት አለ፤ ትልቅ፣ ጥርሱ የሚያበራ። ከፊቱ ሥር ስም። ከስሙ ሥር ደግሞ ዋናው ነገር፣ ሰውየውን ከየት እንደምታውቁት። «ከእንትን ድራማ»፣ «ከዳንስ ውድድሩ»፣ «ከጫካው» (ጫካው ዝነኞች ገብተው ትል የሚበሉበት የቴሌቪዥን ውድድር ነው)። የተረቱ ርዕስ ቦታ ከተረፈ ይጻፋል። ይህ ትልቅ ሥልጣኔ ነው። ሌላ ቦታ ታዳሚ መጀመሪያ ትወናውን ያያል፣ ከዚያ ያጨበጭባል። አድካሚ አሠራር ነው። እንግሊዞች አሳጠሩት፤ ጭብጨባው በመግቢያ ላይ ያልቃል። የሚቀረው ሁለት ሰዓት ትርፍ ነው።

ከዚህም በላይ፣ ሌላ አገር ዝና ያልቃል። እዚህ ጡረታ ይወጣል። የጡረታ አበሉም ታኅሣሥ ታኅሣሥ ይከፈላል፣ ጥብቅ ሱሪና ካባ ለብሶ ለመጣ ሰው ሁሉ።

ልማዱ የትናንት ነው ብለው የሚያማርሩ አሉ። ታሪክ አላነበቡም። በ1879 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ) አውግስተስ ሃሪስ የሚባል ሰው ድሩሪ ሌን የተባለውን የለንደን ቴአትር ቤት ያዘ። ብልህ ነበር። ሕዝቡ ማታ ማታ እየጠጣ የሚያጨበጭብላቸውን ዘፋኞችና ቀልደኞች ሰብስቦ ተረት ውስጥ ከተታቸው። ማሪ ሎይድን አመጣ። ዳን ሌኖን አመጣ። የዘመኑ ተቺዎች የመሸታ ዘፋኝ የልጆችን ተረት አበላሸ ብለው አለቀሱ። ዳን ሌኖ በእንጨት ጫማ ጭፈራ ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። ከ1888 ጀምሮ ገና በመጣ ቁጥር ቀሚስ ለብሶ ድሩሪ ሌን ላይ ቆመ፣ በ1904 እስኪሞት ድረስ። ዛሬ ዴም የምንላት አሮጊት ከሱ እጅ የወጣች ናት ማለት ይቻላል።

ሌኖ አንድ ጉድለት ነበረበት። ጎበዝ ነበር። የዛሬዎቹ አዘጋጆች ከዚህ ታሪክ ግማሹን ትምህርት ወስደዋል፣ «ዝነኛ ከውጭ አምጣ» የሚለውን። «መድረክ ላይ የሚችል» የሚለው ግማሽ በበጀት እጥረት ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ በሩ ለሁሉም ተከፈተ። ፍራንክ ብሩኖ በ1995 የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ቦክሰኛ ነው። ማይክ ታይሰን ፊት ሁለት ጊዜ ቆሟል፣ ሁለቴም አልሆነለትም። ፓንቶ ላይ ግን ተወዳጅ ሆነ። ደግሞ ተገቢ ነው። የቦክስ መድረኩ ላይ ያን ሁሉ መከራ ሲያይ አንድም ሰው «ከኋላህ ነው» ብሎ አልረዳውም። ታይሰን ሁልጊዜ ከፊቱ ነበር።

ኢያን ቦተም የሚባለው የክሪኬት ጀግና ደግሞ ይብሳል። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ከ1991 ወደ 1992 በሚሻገረው ክረምት ኒውዚላንድ ሄዶ ሲጫወት፣ ቦተም ዘግይቶ ነው የደረሰው። ምክንያቱ ጉዳት አልነበረም፤ ንጉሥ ሆኖ ነው። በጃክና በባቄላው ተረት ውስጥ። እስቲ እናንተ ለአለቃችሁ «ዘውድ ስለጫንኩ እዘገያለሁ» ብላችሁ ሞክሩ።

ፖለቲከኛም አይቀርም። አንዳንድ አገር ከሥልጣን የወረደ ሰው ወይ ይታሰራል ወይ ይሰደዳል። አን ዊዲኮም የእስር ቤቶች ሚኒስትር ዴኤታ የነበሩ ሴት ናቸው። በ2010 ፓርላማውን ተሰናበቱ። በዚያው ዓመት በቴሌቪዥን የዳንስ ውድድር ላይ እንደ ጆንያ ተጎተቱ፣ ሕዝቡም ጆንያውን ወዶ በየሳምንቱ ድምፁን ሰጠ። በ2011 ዳርትፎርድ ሄደው በስኖው ዋይት ተረት የንግሥቲቱ ደንገጡር ሆኑ። ንግሥቲቱ ማን ነበረች? ክሬግ ሬቨል ሆርዉድ፤ ያው በዳንሱ ውድድር ሲጥላቸው የከረመው ዳኛ፣ ቀሚስ ለብሶ። ሚኒስትር የነበረ ሰው የፈራጁ ገረድ ሲሆን ለልጆች ማሳየት ትንሽ ትምህርት አይደለም።

አሜሪካኖቹ ሲመጡ ደግሞ ነገሩ ማዕረግ አገኘ። በ2009 ፓሜላ አንደርሰን ዊምብልደን ቴአትር ቤት አላዲን ውስጥ የመብራቷ ጂኒ ሆነች። ለሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው ታዲያ። በቀሩት ቀናት ሌሎች ዝነኞች ተፈራረቁበት። መብራቷ አንድ ናት፤ ከውስጧ ማን እንደሚወጣ የሚወስነው ያሻሻችሁበት ቀን ነው። በዓመቱ እዚያው መድረክ ላይ ዴቪድ ሃሰልሆፍ የባሕር ወንበዴው ካፒቴን ሁክ ሆኖ ብቅ አለ። ሁለቱም በዓለም የታወቁት «ቤይዎች» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ፣ በባሕር ዳር ነፍስ አድን ሠራተኝነት ነው። ዊምብልደን ባሕር የለም። ቢሆንም ለጥንቃቄ ማለት ነው።

ሚኪ ሩኒስ? በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን፣ ገና ሕፃን ሳለ የጀመረ የሆሊውድ ኮከብ ነው። በ2007፣ በ87 ዓመቱ፣ ሰንደርላንድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የሲንደሬላ አባት ሆኖ ተወነ። ከሆሊውድ እስከ ሰንደርላንድ መንገዱ ሰማንያ ዓመት ይፈጃል ማለት ነው፤ ያውም መንገድ ካልተዘጋ።

እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የማደንቀው ናይጀል ሄቨርስን ነው። በ1981 ስለ ኦሊምፒክ ሯጮች በወጣው ፊልም ውስጥ፣ መሰናክሉ ላይ ሻምፓኝ የሞላበት ብርጭቆ አስቀምጦ የሚለማመደው መኳንንት እሱ ነበር። ፓንቶ በ2016 ወደ ፓላዲየም ሲመለስ አብሮ መጣ። ከዚያ በኋላ በተከታታይ መጣ። ምን ይሠራል? ምንም። ቀልዱ ራሱ ያ ነው። ይገባል፣ «የኔ ክፍል የታለ?» ይላል፣ ጁሊያን ክላሪ የሚባለው ቀልደኛ ይሳለቅበታል፣ ይወጣል። ሌሎቹ ይህን ሥራ ሳይናገሩ ነው የሚሠሩት። ሄቨርስ ግን እውነቱን ጮክ ብሎ ተናግሮ፣ ሳቅ ተቀብሎ፣ ደመወዙን ይዞ ይሄዳል። ሐቀኛ ሰው እንዲህ ነው።

ሥርዓቱን የሚረብሹም አልጠፉም። ሰር ኢያን ማኬለን ዕድሜ ልካቸውን ሼክስፒርን ሲጫወቱ የኖሩ ሰው ናቸው። በ2004 ኦልድ ቪክ በተባለው የለንደን ቴአትር ቤት የአላዲንን እናት፣ ልብስ አጣቢዋን ትዋንኪን ሆኑ። በዓመቱ ደገሙት። በ2022 ደግሞ በ83 ዓመታቸው ዝይ የምታረባ አሮጊት ሆነው ከከተማ ከተማ ዞሩ። ይህ ደግ አይደለም። መተወን የሚችል ሰው በዚህ መልኩ ገብቶ ቦታ ሲይዝ፣ ጫካ ገብቶ ትል የበላው ልጅ የት ይሂድ?

ዮርክ ላይ ደግሞ በርዊክ ኬለር የሚባል ሰው ነበረ። አርባ ዓመት ያህል እዚያው አንድ ከተማ ዴም ሆነ። ተውኔቱን ራሱ ይጽፍ፣ ለታዳሚው ብስኩት ይወረውር ነበር። ሰው ትኬቱን የሚቆርጠው ዝነኛ አለ ወይ ብሎ ሳይሆን እሱ አለ ወይ ብሎ ነበር። እስቲ የዚህን ሰው ፖስተር አስቡት። ከስሙ ሥር ምን ተብሎ ይጻፋል? «አምና እዚሁ ያያችሁት»? ፖስተር ሠሪ ያሳዝናል።

ወደ ራሴ ልምጣ። ካቻምና ልጆቼን ይዤ በለንደን ዳርቻ ወዳለ አንድ ቴአትር ቤት ሄድኩ። ሲንደሬላ ነበር። ልዑሉ ያ ትል የበላው ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱም አሁንም አላስታውሰውም። ሲገባ አዳራሹ ተናወጠ። እኔም አጨበጨብኩ። ከጎኔ የተቀመጡትን አሮጊት ማን ነው አልኳቸው።

«ከጫካው ነው» አሉኝ።

«ምን ሠርቶ?»

«ሦስተኛ ወጥቶ።»

ልዑሉ መድረኩ መሀል ቆመ። ጫካ ውስጥ የሚላትን አንዲት ቃል አላት። ጭብጨባ። ስለ ትሉ ተቀለደ። ጭብጨባ። ከዚያ ሲንደሬላን ሲያያት በፍቅር መውደቅ ነበረበት፤ ይህን ያደረገው እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነው። ልብሱ ኪስ እንዲኖረው የታገለው ራሱ ይመስለኛል። የሁለት ሳምንት ልምምድ ለኪስ እንጂ ለእጅ አይበቃም። ሲዘፍን ከኋላው አሥር ጨፋሪዎች ተሰለፉና እኩል ተሽከረከሩ፤ በዚህ ዘዴ እሱም የሚንቀሳቀስ መሰለ።

ከክፉዋ እንጀራ እናት በኩል ግን ዴሟ ገባች። ሰውየው ሃምሳዎቹን የጨረሰ ይመስላል። ተሰናክሎ ወደቀ። ተነሥቶ ዘፈነ። የሲንደሬላ ማይክ ሲጠፋ የራሱን ዓረፍተ ነገር ትቶ የሷን ጮክ ብሎ በጥያቄ ደገመላት፣ ማንም ሳያውቅ። ፊት ለፊት የተቀመጠች አንዲት ሕፃን ክፉዋን ፈርታ ስታለቅስ፣ ከመድረክ ወርዶ ሹሩባዋን አድንቆላት ተመለሰ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ዴም ከፊት ረድፎች አንድ ወንድ መርጣ ትርኢቱን ሙሉ ትሽኮረመምበታለች፤ ደንብ ነው።

«የኔ ቆንጆ፣ ስምህ ማነው?»

ነገርኩት። ሦስቴ ሞከረው።

«ዴቭ» አለ።

ከዚያ በኋላ ዴቭ ሆንኩ። ስምንት መቶ ሰው «ዴቭ!» እያለ ጮኸብኝ። ልጄ በኩራት ልትፈነዳ ደረሰች። እረፍት ላይ ሰዎች አይስክሬም ሊጋብዙኝ መጡ። ወተት ነው፣ ጾም ላይ ነኝ ብል ማን ይሰማኛል? ዴቭ ይጾማል እንዴ?

ቤት ገብቼ ፖስተሩን ድጋሚ አየሁት። የዴሙን ስም ፈልጌ አገኘሁ። ከመኪና ማቆሚያው መረጃ በላይ ነው፣ ግን ብዙም አይደለም። በሳምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ እየወደቀ የሚነሣ ሰው ስም በትልቁ ቢጻፍ ፖስተሩ ላይ ለጥርሱ ቦታ አይተርፍም ነበር። ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ትርኢቱ እንዳለቀ፣ ልጆቼ ከልዑሉ ጋር ፎቶ ካልተነሣን ብለው ጎተቱኝ። በተዋናዮች መውጫ በር ወረፋ ያዝን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሠላሳ ሰው ይሆናል፣ ሁሉም ስልኩን በሩ ላይ ደግኗል። በሩ ተከፈተ። ቆብ የደፋ፣ የገበያ ፌስታል የያዘ ሰውዬ ወጣ። ሁላችንም ስልካችንን አወረድን። የማታው ትርኢት ሊጀመር ሁለት ሰዓት አልቀረውም፤ እራት ሊገዛ ይሆናል። ልጄ መንገዱን ስለዘጋባት «ይቅርታ፣ እየጋረድከን ነው» አለችው።

ሰውዬው ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። የዓይኑ ቆብ ላይ ያልለቀቀ ሰማያዊ ቀለም አለ። ፊቱን የሆነ ቦታ ያየሁት መሰለኝ። እሱም አየኝና ሳቅ አለ።

«ዴቭ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ወደ ማዶ በአገጩ እየጠቆመ፣ «ከኋላህ ነው።»

ዞር ስንል ልዑሉ በሌላ በር ወጥቶ ታክሲ ውስጥ እየገባ ነበር። ልጆቹ እየጮኹ ሮጡ። እኔም ስልኬን ይዤ ተከተልኳቸው።