ማስተካከያ፦ የላሊበላ ዓለት ግራናይት አይደለም

ስለ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጥበቃ ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ፣ የተፈለፈሉበትን ዓለት «ግራናይት» ብለነዋል። ስህተት ነው፤ አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን። ዓለቱ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ቀላ ያለና ቀዳዳ የበዛበት የባዛልት ዓይነት ነው።

የስሙ መሳሳት ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የጉዳቱ ምንጭ እዚሁ ላይ ነው። ዓለቱ ለጠራቢዎቹ እጅ የተገዛው ከግራናይት ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ነው። ያው ጠባዩ ግን ለዝናብ አጋልጦታል፤ ክረምት ውኃ ይመጣል፣ በጋ ይደርቃል፣ በዚህ መፈራረቅ ብዛት ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል። እንደ ግራናይት አስበው ቢጠግኑት በጎ ሐሳብ ራሱ ጉዳት ያደርሳል።

«ሁሉም በመጠለያ ተሸፍነዋል» ያልነውም ይታረም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ተተክለው የተጠናቀቁት መጠለያዎች ቤተ ጊዮርጊስን አይሸፍኑም።