በሞቴ፣ አንድ ጀሪካን ጨምሩላት!

የጎንደር ሰው እንግዳ አክባሪ ነው። ለጥምቀት የመጣ ሁሉ ይመሰክራል። «በሞቴ» እየተባለ ከአቅሙ በላይ ሳይበላ የተመለሰ የለም። አሁን ደግሞ ይህ ቸርነታችን ወደ ዛፍ ተሻግሯል። ይበል የሚያሰኝ ነው።

በሰፈራችን አንድ ግቢ ውስጥ የጃፓን ሜፕል አለች። ለውበት የተተከለች ናት። ካናዳ ባንዲራ ላይ ያለው ቅጠል የዘመዷ ስለሆነ ሰፈሩ «ካናዳ» ብሎ ስም አወጣላት። መጋቢት ላይ ፀሐዩ ከረረ፣ ደረቅ ነፋስ ተነሳ፣ የቅጠሎቿ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ተጠቀለለ። ታመመች ተባለ። የታመመ ይጠየቃል። ምስጋና ለጎረቤት፣ ባዶ እጁን የመጣ የለም።

አንዷ የጠላ አተላ ይዘው መጡ። ሌላው አንድ ጆንያ አመድ። ይህች ዛፍ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ አፈር ነው የምትወደው፤ አመድ ደግሞ ያንኑ ያጠፋዋል። ታዲያ የምትወደውን ብቻ እየሰጡ ማሳደግ ማሞላቀቅ አይሆንም? ብርድ እንዳይመታትም አፈር እስከ ጉልበቷ ተከመረላት። የግንዱ እግር ካልታየ ልጡ ይበሰብሳል የሚሉ አሉ። እነሱ ብርድ አያውቁም። ለፋሲካ ኖራ ተቀባች። በዓልን ነጭ ለብሶ መዋል ወጉ ነው።

የውሃው ነገር ግን ለብቻው ሊወደስ ይገባል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለካናዳ ውሃ ጠፍቶ አያውቅም። ቧንቧው የመጣ ቀን በጀሪካን፣ የጠፋ ቀን የዕቃ እጣቢ ከነሳሙናው። ሥሯ ከላይ ከላይ የሚሄድ ነው። ውሃ ሲተኛበት ይታፈናል፣ ይበሰብሳል። ሥር የበሰበሰበት ዛፍ ደግሞ ውሃ ወደ ላይ መሳብ ስለማይችል ልክ እንደተጠማ ሁሉ ይጠወልጋል። ጠውልጋ ስናያት አንጀታችን አይችልም። ሌላ ጀሪካን ይመጣል።

ሐኪምም አላጣችም። አላፊ አግዳሚው በአጥር ብቅ እያለ ያዝላታል። አንዱ «ዓይን በልቷት ነው» ይላል። ሌላው ከስልኩ ላይ ያየውን ይዞ መጣ፦ አፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ አለ፣ ቅርንጫፉ ሲቆረጥ እንጨቱ ውስጥ ጠቆር ያለ መስመር ይታያል። እውነቱን ነው። ለምርመራው አምስት ቅርንጫፍ ተቆረጠ። መስመር አልተገኘም። ስድስተኛው ላይ ሊኖር ይችላል።

በሀገሯ የበረዶው ወራት ሲመጣ ቅጠሏን አራግፋ ትተኛለች አሉ። እንግዳ እኛ ቤት መጥቶ ሊተኛ? አይደረግም።

በፋሲል መዋኛ ግንብ ላይ ሥራቸውን እንደ እባብ የጠመጠሙትን ዛፎች አያችሁ? ድንጋይ ላይ የበቀሉት አተላም ኖራም ሳያገኙ ነው። የኛ ሰፈር ሰው ቀደም ብሎ ደርሶላቸው ቢሆን ኖሮ የት በደረሱ ነበር!

ባለፈው ሳምንት በአትክልት ሥራ ያረጁ አንድ አባት መጡ። ልጡን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። ከሥሩ አረንጓዴ ነው። «አለች» አሉ። «አፈሩን ከግንዷ አንሱላት። ለከሰዓቱ ፀሐይ ጥላ ሥሩላት። ዙሪያዋን ሣር ጎዝጉዙ፣ ግንዷን ግን አይንካው። አፈሩን በጣታችሁ ሞክሩት፤ ካልደረቀ ውሃ አትስጧት። ፍግም አያስፈልጋትም። ከዚያ እረፍት ስጧት።»

ግቢው ዝም አለ። እጅ ሰብስቦ መቀመጥ መድኃኒት ነው ሲባል በሰፈራችን ተሰምቶ አያውቅም። ለክብራቸው ግን ቡና ተፈላ፣ እስከ በረካ በሞቴ ተባሉ።

ከበሩ ሳይርቁ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አመዱን ያመጣው ነው።